ጎማ በጧት ይለካ፤ በቀትር ነፋሱ አይቀነስ

የራያ ቆላ ምርት ከማሳ ተነሥቶ ገበያ የሚደርሰው በጎማ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1470 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው የቆቦ ከተማ የዚህ ምርት መውጫ በር ናት። ወደ ደቡብ የሚጓዘው መኪና ሮቢትን፣ ጎብዬንና አለውሃን አልፎ ወደ ወልድያ ይወጣል። ወደ ሰሜን የሚያመራው ደግሞ በዋጃና በአላማጣ አድርጎ፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት ተያይዞ ኮረም ይዘልቃል። የዚህ አውራ ጎዳና መሠረት የተጣለው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ጊዜም ለኮረምና ለአካባቢው ሕዝብ የዕርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች የተመላለሱበት መሥመር ነው።

በበጋው ወራት በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በመኸርም ማሽላውና ጤፉ በዚሁ መንገድ ይጓዛሉ። ቲማቲም ከተለቀመ በኋላ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ማኅበራት መኪና የሚከራዩት በጥድፊያ ነው፤ የሚነጋገሩትም ስለ ኪራዩ ዋጋና ስለ ጭነቱ መጠን ነው። ስለ ጎማው ነፋስ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይሁን እንጂ ጭነቱንና ሰውን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ጎማው ብቻ ነው። የአንድ ትንሽ መኪና ጎማ መሬት የሚነካበት ስፍራ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም የማይሰፋ ሲሆን፣ ፍሬን የሚይዘውም ሆነ መሪ የሚታዘዘው በዚያች ጠባብ ስፍራ አማካይነት ነው።

ጭነቱን የሚሸከመው ነፋሱ ነው

ጭነቱን የሚሸከመው የጎማው ላስቲክ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ክብደቱን አብዛኛውን የሚሸከመው በውስጡ ታምቆ ያለው ነፋስ ነው። ላስቲኩ፣ በውስጡ የተሸመነው ክርና ቀጭኑ የብረት ሽቦ ሥራቸው ነፋሱን አቅፎ መያዝ ነው። ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን ከመጠን በላይ ይጎብጣል። ጎማው በዞረ ቁጥር ይጎብጣል፣ ይቃናል፤ እንደገና ይጎብጣል፣ ይቃናል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት አንድ ቀጭን ሽቦ ይዞ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ማጠፍ ይበቃል። ሽቦው በመጀመሪያ ይሞቃል፤ ቀጥሎም ይበጠሳል። ነፋስ ያነሰው ጎማም እንደዚሁ ከውስጥ ይግላል፤ ላስቲኩ ከክሩና ከሽቦው ይላቀቃል፤ በመጨረሻም የላይኛው ንጣፍ ተገሽልጦ ይወጣል ወይም ጎማው ይፈነዳል። በአውራ ጎዳና ዳርና ዳር ተጥለው የሚታዩት የጎማ ቁርጥራጮች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት የተላቀቁ ናቸው።

እንግዲህ ለጎማ መፈንዳት ዋነኞቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የነፋስ ማነስ፣ የጭነት መብዛትና ፍጥነት ናቸው። የቆላው ሙቀት በነዚህ ላይ ሲጨመር ጉዳቱ ይፋጠናል። በግንቦትና በሰኔ የቆቦ ቀትር ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን፣ ፀሐይ ያረፈበት አስፋልት ደግሞ ከአየሩ ይልቅ እጅግ ይግላል። ጎማው በውስጡ የፈጠረውን ሙቀት የሚያወጣበት ቀዝቃዛ ነገር አያገኝም።

የተለመደው ስሕተት

በቆላ አገር በሚሠሩ አንዳንድ ሾፌሮችና ረዳቶች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ። ቀትር ላይ መኪናውን አቁመው ጎማውን ሲዳስሱ ሞቆና ጠጥሮ ያገኙታል። «ሙቀቱ እንዳያፈነዳው» በማለትም ቫልቮላውን ተጭነው ነፋስ ያስወጣሉ። ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን የታሰበው ተቃራኒ ነው።

ነፋስ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የአየር ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲጨምር በጎማው ውስጥ የታመቀው ነፋስ ግፊት ወደ 2 ከመቶ ይጨምራል። ጎማው በጉዞ ላይ ራሱ በሚፈጥረው ሙቀት ደግሞ ከዚህም በላይ ከፍ ይላል። የጎማ ፋብሪካዎች ይህን አስቀድመው ያውቁታል። «ለዚህ መኪና ይህን ያህል ነፋስ ይበቃል» ብለው የሚወስኑት ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ የተሰጠ ሲሆን፣ በጉዞ ላይ የሚመጣው ጭማሪ በስሌቱ ውስጥ የገባ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የጭነት መኪና ጎማ ጧት ቀዝቅዞ ሳለ መለኪያው 100 ፒኤስአይ ያሳያል እንበል። ቆቦ ላይ ተነሥቶ ቀትር ሲሆን ቁጥሩ 115 ሊደርስ ይችላል። ረዳቱ ይህን አይቶ ደንግጦ ወደ 100 ቢያወርደው፣ በማግስቱ ጧት ጎማው ሲቀዘቅዝ መለኪያው 87 አካባቢ ያሳያል። ማለት ጎማው ከሚገባው ነፋስ ከመቶ 13ቱን አጥቷል። በሁለተኛው ቀን እንዲሁ ነፋስ ጎድሎት ሲነሣ ከትናንት ይበልጥ ይጎብጣል፤ ይበልጥም ይሞቃል። ረዳቱም ሙቀቱን አይቶ እንደገና ነፋስ ይቀንሳል። ጎማው ከፍንዳታ እየራቀ ሳይሆን ወደ ፍንዳታ እየቀረበ ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ነፋስ የሚለካው በጧት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው። በሌላ ሰዓት መለካት ግድ ቢሆን መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል በጥላ ሥር መቆም አለበት። በጉዞ ላይ ከሞቀ ጎማ ነፋስ አይወጣም። ጎማው ከመጠን በላይ ግሎ ከተገኘ መድኃኒቱ ፍጥነትን መቀነስ፣ ጭነትን ማቅለልና ማሳረፍ ነው። ሞቆ ሳለ እንኳ ለቀዘቀዘ ጎማ ከተወሰነው ቁጥር በታች የሚያሳይ ጎማ ካለ ግን አንድ ነገር እያስተነፈሰው ስለሆነ፣ ሳይጠገን ጉዞ መቀጠል የለበትም።

ከደጋ ወደ ቆላ ስለመውረድም የሚነሣ ጥያቄ አለ። ከኮረም እስከ ቆቦ ያለው የከፍታ ልዩነት 1000 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ልዩነት የተነሣ በመለኪያው ላይ የሚታየው ለውጥ ከ1.5 ፒኤስአይ ብዙም ስለማይበልጥ የሚያሳስብ አይደለም። ይልቁን ቆቦ ላይ በቀትር የተሞላ ጎማ ደጋ ላይ በሚያድርበት ሌሊት ቅዝቃዜው ግፊቱን ስለሚቀንሰው፣ በማግስቱ ጧት እንደገና መለካት ተገቢ ነው።

ነፋስ ማብዛትም ቢሆን ጥቅም የለውም። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመካከሉ ብቻ ስለሚሆን ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ መካከሉም ቶሎ ያልቃል። በዞብል በኩል እንዳሉት ባሉ ድንጋያማ መንገዶች ላይም በቀላሉ ይቆረጣል። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ ከዚያ ማለፍ አይገባም። ለግምት ያህል፣ የብዙ ትንንሽ መኪኖች መጠን ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ሲሆን፣ የከባድ መኪኖች ከ100 ይበልጣል። መለኪያው በባር የተጻፈ ከሆነ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

በሌላ አገር የደረሰ ጥፋት

የነፋስ ማነስና ሙቀት ሲገናኙ ምን እንደሚያደርሱ ዓለም በስፋት የተረዳው በአሜሪካ በደረሰ ጥፋት ነው። ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች በጉዞ ላይ ንጣፋቸው እየተገሸለጠ፣ መኪኖችም እየተገለበጡ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ኩባንያው 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች ከገበያና ከመንገድ እንዲሰበሰቡ አደረገ። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከጎማዎቹ ጋር ያያያዘው የሞት ቁጥር ከ270 በላይ ነበር።

ጎማ ሠሪውና መኪና ሠሪው ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ቢያላክኩም፣ ከምርመራው የተገኘው አንድ ትምህርት ለራያ ቆላ ቅርብ ነው። አደጋው በብዛት የታየው እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር። ለመኪናው የተወሰነው ነፋስ 26 ፒኤስአይ ብቻ ስለነበር፣ ጥቂት ሲያስተነፍስ ጎማው ወዲያው ወደ አደገኛው መጠን ይወርድ ነበር። ጭነት፣ ፍጥነትና የበጋ ሙቀት ሲጨመሩበት ጉድለት ያለበት ጎማ መቋቋም አቃተው። በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ስለ ጎማ ደኅንነት አዲስ ሕግ ወጣ። ከ2000 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በዚያ አገር የሚሸጡ አዳዲስ ትንንሽ መኪኖች ሁሉ ነፋስ ሲያንስ ለሾፌሩ መብራት የሚያበራ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደነገገ። የቆቦን ሽንኩርት በሚያመላልሱት መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ይህ መሣሪያ ስለማይገኝ፣ የመብራቱን ሥራ መሥራት ያለበት ሰው ነው።

ጭነትና ሰው

ለ50 ኩንታል የተሠራ ባለ ስድስት ጎማ መኪና 60 ኩንታል ቢጫንበት ትርፉ አሥር ኩንታል፣ ማለት 1000 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ክብደት አብዛኛው የሚያርፈው በኋላ አራት ጎማዎች ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጎማ እስከ 250 ኪሎ ግራም የሚደርስ ተጨማሪ ሸክም ይቀበላል። ትርፉን ክብደት ነፋስ በመጨመር ማካካስ አይቻልም፤ ጎማውም ቸርኬውም ፍሬኑም የተሠሩት ለተወሰነ ልክ ነው።

ጥንድ ሆነው ከኋላ የሚገጠሙት ጎማዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከሁለቱ አንዱ ቢተነፍስ ጓደኛው የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። የውስጠኛው ጎማ ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ረዳቶች ጎማውን በዱላ ወይም በብረት መትተው ድምፁን በማዳመጥ ነፋሱን ለመገመት ይሞክራሉ። ይህ ዘዴ ፈጽሞ የተነፈሰውን ጎማ ሊለይ ይችላል፤ ከመቶ 15 ወይም 20 የጎደለውን ግን አይለይም። ለዚህ መለኪያ እንጂ ዱላ አያገለግልም።

ከሁሉ የከፋው በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ነው። በገበያ ቀን በጆንያ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱት ከማኅበሩ አባላት ቤት የወጡ እናቶች፣ ወጣቶችና ሕፃናት ናቸው። ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ቢንገዳገድ ሾፌሩ መሪ አለው፤ በጭነቱ ላይ ያለው ሰው ግን የሚይዘው ነገር የለውም። በሕግም የተከለከለ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሕዝብ በዓመት 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። የጎማ ጉድለት የዚህ ሞት አንዱ ምክንያት ብቻ ቢሆንም፣ አንድ ሰው በጥቂት ደቂቃ ምርመራ ሊያስቀረው የሚችል ምክንያት ነው።

በቁልቁለት ላይ

ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደው የግራካሱ ቁልቁለት ፍሬንና ጎማ አብረው የሚፈተኑበት ነው። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ሲወርድ የሚፈጠረው ግለት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ያልፋል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ቀድሞውኑ ግሎ ከነበረ ይህ ተጨማሪ ሙቀት የመጨረሻው ምት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኀይል እየተገቱ መውረድ፣ ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ከመርገጥ መቆጠብ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጎማ ቢፈነዳ ሾፌሩ በድንጋጤ ፍሬን መርገጥ የለበትም። መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ማስኬድ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ማንሣት፣ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ከቀነሰ በኋላ ከመንገድ መውጣት አለበት። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው በፈነዳው ጎማ በኩል ይጎትታል። የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ የመኪናው ጀርባ ይወዛወዛል። በሁለቱም ጊዜ ድንገተኛ ፍሬን መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል።

በጎሚስታ ቤት

ጎማ የሚገድለው በጉዞ ላይ ብቻ አይደለም። ነፋስ በሚሞላበት ጊዜም የሰው ሕይወት ይጠፋል። ከሚገባው ነፋስ ከመቶ 20ውን ወይም ከዚያ በላይ አጥቶ የተነዳ የጭነት መኪና ጎማ በጎኑ ያሉት ሽቦዎች ተጎድተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጎማ ተፈትቶ ውስጡና ውጪው ሳይመረመር በኮምፕሬሰር ቢሞላ ጎኑ እንደ ጨርቅ ተቀዶ ይፈነዳል። ቀለበት ያለው ቸርኬ ከሆነም ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጎማ በብረት አጥር ውስጥ ሆኖ፣ ሠራተኛው ከጎኑ ርቆ በረጅም ቱቦ ሊሞላው ይገባል። የመሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማ መሙላቱ ወዲያው ይቆማል። ቀለበት ያለውን ቸርኬ ቡሎን ለመፍታት አስቀድሞ ነፋሱን ፈጽሞ ማስወጣት ያስፈልጋል። በተለይ ሥራ ለመልመድ በየጎሚስታው የሚውሉ ልጆች ነፋስ በሚሞላ ጎማ ፊት እንዳይቆሙ፣ በላዩም እንዳይቀመጡ መከልከል የሁሉም ግዴታ ነው።

ጎማ ሲገዛም ዕድሜው ይጠየቅ። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን ጎማው የተሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ቢሆንም ለብዙ ዓመት ፀሐይ የመታውና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ለቆላ ጉዞ አይታመንም።

ትራክተር ያላቸው ማኅበራትም የሚያስታውሱት ነገር አለ። የትራክተር ጎማ በእርሻ ላይ አፈሩን እንዳይጠቀጥቅ ዝቅ ባለ ነፋስ ይሠራል። ያው ትራክተር ተሳቢ ጎትቶ በአስፋልት ሲሄድ ግን መመሪያ መጽሐፉ ለመንገድ የሚያዘው መጠን ይሞላለት። በሆርማትና በጎሊና አሸዋማ ወንዞች ለመሻገር ነፋስ የቀነሰ መኪናም አስፋልት ከመያዙ በፊት መልሶ መሙላት አለበት።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቅ

የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ሾፌር ባይሆኑም መኪና የሚከራዩት፣ ጭነት የሚያስጭኑት፣ አባሎቻቸውንም የሚያሰማሩት እነርሱ ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ሥልጣን አላቸው። ሊሠሩ የሚችሉትም ከአቅማቸው በላይ አይደለም።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የራሱ የሆነ አንድ የነፋስ መለኪያ ይግዛ። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ተመርጦ መኪናው ጧት ጭነት ከመጀመሩ በፊት የጎማዎቹን ሁሉ፣ የውስጠኞቹንና የስኮርታውንም ጭምር ለክቶ በደብተር ይመዝግብ። ቁጥሩ በየሳምንቱ እየቀነሰ የሚሄድ ጎማ ካለ ደብተሩ ያጋልጠዋል።

ሁለተኛ፣ በኪራይ ውል ላይ የጎማ ሁኔታና የሚጫነው ኩንታል ልክ ይጻፍ። ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ሽቦው የታየ ወይም ጥርሱ ያለቀ ጎማ ያለው መኪና ቢመጣ ማኅበሩ አይጫን። መኪናው የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ የለጠፈ መሆኑም ይታይ። ቲማቲሙ ቢቸኩልም ለሌላ መኪና ግማሽ ቀን መጠበቅ ይሻላል፤ ጎማ ፈንድቶ አለውሃ አካባቢ በፀሐይ የቆመ ቲማቲም ያው ከገበያ ውጭ ነው።

ሦስተኛ፣ በጭነት ላይ ሰው እንዳይወጣ ማኅበሩ ራሱ ይወስን፤ ውሳኔውም በስብሰባ ለአባላት ይነገር። ሾፌሩ የሚያገኘውን ጥቂት ብር ትቶ እምቢ እንዲል መሪዎቹ ሊያግዙት ይገባል።

አራተኛ፣ «በሙቀት ጊዜ ነፋስ ይቀነስ» የሚለው ልማድ ስሕተት መሆኑ ለሾፌሮች፣ ለረዳቶች፣ ለጎሚስታዎችና ለትራክተር ነጂዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይገለጽላቸው። ልማዱ የቆየ ስለሆነ አንድ ጊዜ በመናገር አይለቅም። ያንኑ ጎማ ቀትር ላይና በማግስቱ ጧት ለክቶ ሁለቱን ቁጥር ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

የራያ ገበሬ ጎርፍ ከተራራ ከመውረዱ በፊት ቦዩን ጠርጎ ይጠብቃል፤ ጎርፉ ከደረሰ በኋላ የሚያዝ አካፋ ጥቅም እንደሌለው ያውቃል። የጎማ ነፋስም እንዲሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ መለኪያው ሥራውን መሥራት ያለበት መኪናው ቆሞ፣ ጎማው ቀዝቅዞ፣ ጭነቱም ገና መሬት ላይ ሳለ ነው።